ገጽ አርባ አንድ

ስሟን የሚያውቁት ባሏና የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለቀረው ሰው ሁሉ እትዬ ቀጠሮ ናት። ስሙን ያወጡላት የብየዳ ተለማማጆች ናቸው፤ ለክፋት ግን አልነበረም። በዚያ የሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጅ የየትኛውንም ቢሮ በር አንኳኩታችሁ ጉዳያችሁን ብትናገሩ መልሱ አንድ ነው፤ «እንደውልልዎታለን።» ደውሎ የሚያውቅ ደግሞ የለም። እሷ ዘንድ የገባ ሰው ግን ቀንና ሰዓት ሳይዝ አይወጣም። ሰማያዊውን ወፍራም ደብተር ትገልጥና «ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለተኛው ወርክሾፕ፣ ጫማህ ሽፍን ይሁን» ትላለች። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩ ክፍት ነው፣ ማሽኑ ይሠራል፣ መዛኙም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

«እንደውልልዎታለን ማለት እኮ» ትላለች፣ «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ ማለት ነው፤ በጨዋ አፍ ሲነገር።»

ሥራዋ የተለማማጆችን የመጨረሻ ምዘና ማዘጋጀት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እስቲ ግቡበትና እዩት! ተለማማጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ድርጅት ውስጥ ከባለሙያ ጎን ቆሞ ይማራል። የሠራው ሥራ ሁሉ በልምምድ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ያሳየው ባለሙያም በየገጹ ይፈርማል። መዝገቡ ሞልቶ ሲያልቅ ከውጭ መዛኝ ይመጣል፤ ሥራ ይሰጠዋል፣ ቆሞ ያየዋል፣ ይለካል፣ ከዚያ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ይፈርማል። መዛኙ ሰልጣኙን በምንም መንገድ ያላስተማረ መሆን አለበት። «ያሰለጠነ አይመዝንም» የሚለውን በትልልቁ ጽፋ ከወንበሯ ጀርባ የለጠፈችው ራሷ ናት። ልክም ነው፤ አባት ለልጁ ቢፈርድ ማን ያምነዋል? ችግሩ ሰውየውን፣ ማሽኑንና መዛኙን በአንድ ቀን አንድ ጣራ ሥር ማገናኘቱ ላይ ነው። መዛኝ ሲገኝ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ብረቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው። ቁልፍ ያዡ ሲመለስ የመዛኙ አማት ያርፋሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትሯሯጥ ኖራ ፀጉሯ ሸበተ። የሸበተውም በቀጠሮ ነው ይላሉ ተረበኞቹ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በተራ።

አንድ አመል አለባት፤ ባዶ ሳጥን አትወድም። ፎርም ላይ ያልተሞላ ሳጥን ካየች እንደ ጥርስ ሕመም እንቅልፍ ይነሳታል። ቤቷ እንኳ የፍሪጁ በር ላይ በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ተለጥፏል፤ የባሏ የደም ግፊት ኪኒን፣ የልጇ የሥራ ፈረቃ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት ጠዋት በክር የተንጠለጠለችውን እርሳስ ይዞ ኪኒኑን መዋጡን ምልክት ያደርጋል።

«አንቺ ሴት» አላት አንድ ቀን፣ «የቀብሬንም ቀን ሳትይዢልኝ አትቀሪም።»

«ይዤልህ ነበር፤ መዛኝ ጠፋ እንጂ።»

ሳቃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ያን ጊዜ ገና ሳቅ ነበረ።

ጋሼ ሚሊ ወደ ሕይወቷ የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዛሬ ዕድሜው ሃምሳ አንድ ሆኗል። የውሃ ፓምፕ የሚጠገንበት ድርጅት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሟል፤ ቶርኖ ያ ብረት እያሽከረከረ የሚልገው ማሽን ነው። ድርጅቱ ውስጥ የገባው መጥረጊያ ይዞ ነበር። ከማሽኑ ሥር የወደቀውን የብረት ፍቅፋቂ ሲጠርግ ሲጠርግ፣ አንድ ቀን ባለማሽኑ ቀረና ቆመበት፤ ከዚያ ወዲህ ያወረደው የለም። ቅጽል ስሙም ከአፉ የመጣ ነው። ለነገር ሁሉ መለኪያው ሚሊ ነው። «ሻዩ አንዲት ሚሊ ስኳር ይቀረዋል» ይላል። ሚስቱ ስታኮርፈው «ዛሬ ሁለት ሚሊ ርቃኛለች» ይላል።

ኋላ መመሪያ መጣ። የብቃት ወረቀት የሌለው ሰው ማሽን ላይ አይቆምም ተባለ። ድርጅቱ ጋሼ ሚሊን ጠርቶ፣ ወይ ተለማማጅ ሆነህ ተመዝገብና በሁለት ዓመት ውስጥ ወረቀቱን አምጣ፣ ወይ ወደ በር ጥበቃ ትዛወራለህ አለው። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ከሃያ ዓመት ጎረምሶች ጋር ተሰልፎ የምዝገባ ፎቶ ተነሣ። ከሞቱ አሟሟቱ እንዲሉ፣ በመዝገቡ ላይ እየፈረመ እንዲያሰለጥነው የተመደበለት አለቃ፣ ጋሼ ሚሊ ራሱ ከዜሮ ያስተማረው ልጅ ነበር። ልጁ ወረቀት አለው፤ አስተማሪው የለውም። ሲፈርምለት አንገቱን ደፍቶ ነው ይባላል።

«ጥበቃነት ነውር ሆኖብኝ አይደለም እትዬ» አላት ጋሼ ሚሊ የመጀመሪያ ቀን ቢሮዋ ገብቶ። «ታላቅ ወንድሜም ጥበቃ ነው፤ ልጆቹን ያሳደገበት ሥራ ነው። ግን ይቺን እጄን በር ላይ ቁጭ ብዬ ምን ላድርጋት?»

እጁን አየችው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የገባው ጥቁር ዘይት በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። አንጀቷን በላት።

ምዝገባው የሚያበቃው ልክ በሁለት ዓመቱ፣ በወሩ ሠላሳ ነው። ከዚያ በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱ ይለወጣል። እስከዚያ ያልተመዘነ ሰው እንደገና ከገጽ አንድ ይጀምራል፣ አዲሱም ሦስት ዓመት ነው። ጋሼ ሚሊ ደግሞ የካሊፐር መለኪያውን ቀጫጭን መስመር ለማንበብ አንዱን መነጽር በሌላው ላይ ደርቦ ማድረግ ጀምሯል። «ሦስት ዓመት እጄ ይጠብቀኛል፤ ዓይኔን ግን እንጃ» አላት። ሐኪሙም ከዚህ የተለየ አልነገረውም።

አሁን ወደ ገጽ አርባ አንድ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ከምዘናው ስምንት ወር ቀደም ብሎ ያ የሚፈርምለት ልጅ ትርፍ አንጀት ታሞ ሆስፒታል ገባ። የዚያ ሳምንት ሥራ ዘንግ ላይ ጥርስ ማውጣት ነበር፤ ዳዶ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ማለት ነው። ጋሼ ሚሊ ሥራውን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል፤ ግን ቆሞ አይቶ የሚፈርም ሰው የለም። ልጁ እስኪድን ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይቻል ነበር። ሁለት ሳምንት! ሰማይ አይወድቅም። እሷ ግን የሩብ ዓመት ሪፖርት ልትልክ ነው፣ ከመዝገቡ ስልሳ ገጽ መሐል ደግሞ ይቺ አንዲት ሳጥን ባዶዋን አፍጣባታለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ፤ የእሷው ባሰ፣ አፍስሳ መልቀሚያም አላገኘችም።

በዚያ አካባቢ የቶርኖ መዛኝ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ስለሆነ ኮሌጁ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ ይባላሉ። በዚያ ሳምንት አጭሩ ሌሎች ልጆችን ሊመዝን መጥቶ ነበር። ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። አንድ ሰልጣኝ አለኝ፣ አንዲት ገጽ ጎድላበታለች። ግማሽ ቀን ቆመው ቢያዩለትና ቢፈርሙለት?»

«አንቺ ለምነሽኝ እምቢ ብዬ የት እገባለሁ» አላት።

ሄደ፣ ከጋሼ ሚሊ ጎን ቆመ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ስለቱን ትንሽ ዝቅ» አለው፣ በመጨረሻም ፈረመ። ስም፣ የመዛኝነት ቁጥር፣ ቀን፤ ቁልጭ ያለ ፊርማ። እሷም መዝገቡን አቅፋ፣ እያንጎራጎረች ቢሮዋ ተመለሰች። ምን ክፋት አለው? የመጨረሻውን ምዘና ረጅሙ ይመዝነዋል። ሁለት መዛኝ እያለ ምን ያሳስባል?

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከማብቂያው ሁለት ወር በፊት ነበር። ረጅሙ መጣ፣ ብረቱ ወጣ፣ ማሽኑ ዞረ፤ በሁለተኛው ሰዓት መብራት ጥፍት! ጄነሬተሩ አምፖል እንጂ ቶርኖ አያዞርም። የተቋረጠ ምዘና ደግሞ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ጋሼ ሚሊ ግማሽ የተላገ ዘንግ ማሽኑ መንጋጋ ውስጥ ትቶ ወጣ። «አይዞዎት እትዬ፣ ገና ጊዜ አለን» ብሎ እሱው አጽናናት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ሲቀር ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የረጅሙ ሚስት ደወለች። ረጅሙ የሳሎኑን አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ፣ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አይ ረጅሙ! የዚያን ቁመት ሰው መሰላል ምን አስፈለገው?

እትዬ ቀጠሮ ያን ሰሞን ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችውም። የጎረቤቱ አውራጃ መዛኝ እስከ ወር መጨረሻ ተይዟል። ሌላኛው ጡረታ ወጥቶ ፈቃዱን መልሷል። ቤት ስትገባ ባሏ የገዛ ኪኒኑን ትቶ የእሷን ፊት ነበር የሚያነበው።

«ዛሬስ?» ይላታል።

«ዛሬም።»

በመጨረሻ አጭሩን አገኘችው። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ቦታ ሄዶ ይሠራ ነበር። «በሠላሳ ብቻ ነው ነፃ የምሆነው» አላት። ሠላሳ! የመጨረሻዋ ቀን፤ ቢሆንም ቀን ናት። ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችና ብቻዋን ሳቀች።

እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እሷ ግን አልገባትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓይኗ የሰለጠነው ባዶ ሳጥን ለመፈለግ ነው፤ የተሞላ ሳጥን አይታያትም። ገጽ አርባ አንድ ተሞልታለች፣ ስለዚህ የለችም። አጭሩ ደግሞ በዓመት ስንት መቶ ወረቀት የሚፈርም ሰው ነው፤ ብረት እንጂ ስም አያስታውስም። ጋሼ ሚሊስ? ለእሱ ቀጠሮውን የሰጠችው እትዬ ቀጠሮ ናት፤ ምን ብሎ ይጠራጠር?

ያቺን አንድ ሳምንት እንዴት እንደሠራች! ከሁለቱ ቶርኖ አንዱ ተበላሽቷል፤ ደህናው ላይ ክፍል ስላለ አሰልጣኙን ለምና ትምህርቱን አዛወረች። ብረቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ተቆርጦ ጠረጴዛዋ ሥር ተቀመጠ። ቁልፍ ያዡን ፈቃድ እንዳይወጣ አስማለችው። መብራት ኃይል ደውላ የቀኑን የመብራት ተራ ጠየቀች፤ አላመነቻቸውም፣ በአካል ሄዳ ደግማ ጠየቀች። ባሏ ደግሞ በሠላሳ ማለዳ የድሮ ባልደረቦቹን ዞሮ የአጭሩ አውቶቡስ በሰዓቱ መነሣቱን አጣራላት። ሁሉም ተሟላ። ፍሪጁ ላይ እንኳ አንድ ባዶ ሳጥን አልነበረም።

በሠላሳ ጠዋት መብራት አለ። ማሽኑ አለ። ጋሼ ሚሊ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የተተኮሰ ቱታ ለብሷል፤ ሚስቱ ኪሱ ላይ የተቀደደችውን በጥንቃቄ ሰፍታለታለች። ሲከፈትለት ገብቶ ማሽኑን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። አጭሩም በሁለት ተኩል ዱብ አለ፣ አቧራውን ከትከሻው አራግፎ ቢሮዋ ተቀመጠ፣ ሻይ ተሰጠው።

«በይ ፎርሞቹን አምጪ» አለ።

መጀመሪያ የሚፈረመው መዛኙ ሰልጣኙን አላሰለጠንኩም ብሎ የሚያረጋግጥበት ወረቀት ነው። ከመፈረሙ በፊት መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ግዴታው ነው፤ አብዛኞቹ አያገላብጡም፣ አጭሩ ግን ያገላብጣል። ገጹን አንድ ባንድ ሲገልጥ እሷ ስለ መንገዱ ትጠይቀው ነበር። ድንገት መመለሱን ተወ። ሻዩን አስቀመጠ። መዝገቡን ወደ እሷ አዞረውና ጣቱን አንድ ፊርማ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

አየችው። ስም፣ የመዛኝነት ቁጥር፣ ቀን፤ ቁልጭ ያለ ፊርማ።

«የእኔ ነው» አለ አጭሩ፣ እንዳጠፋ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ። «ስለቱን ዝቅ አድርግ ያልኩት ሰውዬ... እሱ ነው እንዴ?»

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ «ያሰለጠነ አይመዝንም» የሚለው የራሷ ጽሑፍ አለ፤ ዘወር ብላ ልታየው አልደፈረችም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ሲባል ስንቴ ሰምታለች!

ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት አነሣው።

«ማራዘሚያ የሚጠየቀው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ነው፣ እናቴ።»

«ልጄ፣ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት እኮ ችግሩ መኖሩን አላወቅንም።»

«እሱስ ልክ ነዎት።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «ላጣራና እንደውልልዎታለን» አላትና ዘጋው።

የኮሌጁ ኃላፊ ተጠራ። ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡን አየ፣ አገጩን አሻሸ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ገጿ... ብትጠፋስ?»

ለአንድ አፍታ እጇ ገጿ ጠርዝ ላይ አረፈ። አዎ፣ አርፏል፤ ምን ይደበቃል? ከዚያ ነው ዕዳው ሙሉ በሙሉ የታያት። መዝገቡ ስልሳ ገጽ ነው፤ አንዲት ገጽ የጎደለበት ሰልጣኝ ለምዘና አይቀርብም። ገጿ ካለች መዛኝ የለውም፤ ገጿ ከሌለች ተመዛኝ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲፈርምባት ደግሞ ሥራው በዚያ ቀን በሌላ ሰው ፊት አልተሠራም። ዛሬ እንደገና ይሥራት እንዳይባል እሷ ግማሽ ቀን፣ ምዘናው አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ቀኑ አይበቃም።

«እኔም ብሆን» አለ አጭሩ፣ «የገዛ ፊርማዬን እንዴት ብዬ እክዳለሁ? ዛሬ ይሄን ብክድ ነገ ብቁ ያልኩትን ሁሉ ማን ያምነኛል?»

ሦስቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ማኅተም አላቸው። ሦስቱም ወለሉን ያያሉ። የት አባታቸው ይግቡ!

ለጋሼ ሚሊ የነገረችው እሷ ናት። ኃላፊው ልንገረው ቢልም እምቢ አለች። ወርክሾፑ ውስጥ ማሽኑ እንደ መስታወት አብለጭልጯል። እሱ ሁለቱን መነጽሮች ደርቦ መለኪያዎቹን በመጠን በመጠናቸው ደርድሯል። ነገረችው፤ አንዴ ስትናገር እንዳታቆም ፈርታ ሳታርፍ ተናገረች። የላይኛውን መነጽር አውልቆ በቱታው ጫፍ ወለወለው።

«እኔ ነኝ ያስፈረምኩት» አለችው። «ሁለት ሳምንት መጠበቅ አቅቶኝ። እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ብለው ነው እኮ፣ እትዬ።»

ቢሰድባት በወደደች! ቢጮህባት፣ መዝገቡን ቢወረውረው፣ እሷም አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን እሷን ማጽናናት ነው የያዘው።

«ብረቷስ?» አላት።

«ምኗ?»

«ተቆርጣ የለ? መልሳችሁ ግምጃ ቤት አትከቷትም። ልሥራትና ልሂድ። አንዲት ሚሊ ሳልነካት ቤቴ ብገባ ሚስቴ ምን ትለኛለች?»

ኃላፊው ይቻላል አይቻልም ብሎ ሊያስብ ሲል አጭሩ ብረቱን ከእሷ ጠረጴዛ ሥር አምጥቶ በጋሼ ሚሊ እጅ ላይ አኖረው። ሥዕሉንም ሰጠው። ማሽኑ ዞረ።

አምስት ሰዓት ሙሉ ሠራ። መብራት አንዴም አልጠፋም፤ ወይ ነዶ! በተፈለገ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያልቆየ መብራት ያን ቀን ብልጭ ሳይል ዋለ። አጭሩ ወንበር ቢቀርብለት አልተቀመጠም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ ሲመዝን እንዲያ ነው የሚቆመው። እትዬ ቀጠሮ በሩ ጋ ቆማ የዘንጉ ሦስት ደረጃዎች ሲወጡ አየች። ከስለቱ ሥር ፍቅፋቂው በረጅሙ እየተጠቀለለ ሲወርድ፣ ጋሼ ሚሊ አንድ ጊዜም አልቸኮለም። ጥርሱን ሲያወጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚቆጥር ይመስላል። በመሐል ሁለት ጊዜ ስልኳን አየች። ማንም አልደወለላትም።

ሲጨርስ ማሽኑን አጠፋ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ተመዛኝ ሥራውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። አጭሩ ማይክሮሜትሩን አነሣ። አምስት ቦታ ለካ። ከዚያ ደገመው። ዳዶውን በዘንጉ አፍ ላይ አሳርፎ በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርገው እየተጠማዘዘ እስከ ሥሩ ገባ፤ አልተወላገደም፣ አልላላም። አጭሩ እጁ ለምዶበት ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። ከዚያ የሚጽፍበት እንደሌለው ትዝ አለው። መልሶ ከተተው።

«ስንት ልክ ወጣ?» አለ ጋሼ ሚሊ።

«አምስቱም» አለ አጭሩ። «አንዲት ሚሊ የላት፣ የሚሊ ሩብ የላት።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ውጤት የሚሞላበት የኮምፒዩተር ሲስተም በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ቢሮዋ ገብታ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። የጋሼ ሚሊ መስመር ላይ ሦስት ሳጥን አለ፤ ብቁ፣ ገና ብቁ ያልሆነ፣ አልቀረበም። ሁለቱ የመዛኝ ቁጥር ይጠይቃሉ። ባዶ እንዳትተወው፣ የአንድ ሰው መስመር ባዶ ከቀረ የሩብ ዓመቱ ምዘና በሙሉ አይጸድቅም፤ የአሥራ አንድ ልጆች ወረቀት አብሮ ይታገዳል። የአሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ «አልቀረበም» የሚለውን ነካች።

ያም አልበቃውም። ሌላ ሳጥን ተከፈተ፤ «የቀረበት ምክንያት።» ሕመም ካለች የሐኪም ወረቀት፣ ሐዘን ካለች የምስክር ወረቀት፣ የሥራ ጫና ካለች የድርጅቱን ደብዳቤ ይጠይቃታል። ከታች አንድ ቀርቷል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ማለዳ በሩ ላይ ለቆመው፣ እስከ ከሰዓት ማሽን ላይ ለዋለው፣ ኪሱ በሚስቱ እጅ ለተሰፋው ሰው፣ «ያልታወቀ» የሚለውን መረጠች። ሲስተሙ አረንጓዴ ምልክት ሰጣት። ሁሉም ሳጥን ተሞልቷል።

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ሚሊ ነው። ቱታውን አጥፎ በፌስታል ይዟል፤ በሌላው እጁ ዘንጉ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ይሄን ለማን ላስረክብ፣ እትዬ?»

የተመዘነ ሥራ ቁጥር ታስሮለት ግምጃ ቤት ይገባል። ይሄ ቁጥር የለውም። «ይዘውት ይሂዱ» አለችው።

«እሺ።» አልሄደም። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ አሁንም ትንሽ ተስፋ ነበር፤ የባሰባት እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቢሮ ቀን ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ እትዬ፣ መቼ ልመለስ?»

እጇ ሳታዘው ሰማያዊውን ደብተር ገለጠ። የሚቀጥለው ወር ገጽ ነጭ ነው። አገላበጠች፤ ከዚያ የሚቀጥለውም ነጭ ነው። ጣቷን ከማክሰኞ ወደ ረቡዕ፣ ከረቡዕ ወደ ሐሙስ አስኬደችው። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ምን ብላ ትጽፋለች? በማን ፊት? ልትለው የምትችለው ነገር ሁሉ አፏ ላይ መጣና ተመለሰ፤ ከዓመታት በፊት ጠልታ የተወችው ቃል ብቻ ቀረ።

«እንደውልልዎታለን» አለች።

ጋሼ ሚሊ ጥቂት አያት። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀ፣ «እሺ እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አለና ዘንጉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ስልክ ቁጥሩ እንዳላት አልጠየቃትም።